ከእንስራው ጀርባ ያስቀመጥኩት ቴስተር

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1955

ይህን ደብተር ለሥራ ነበር የገዛሁት። ሙሴ ለሥራው ሌላ መዝገብ ሰጠኝና ይሄ ባዶውን ቀረ፤ ባዶ ወረቀት ደግሞ አያስችለኝም። ከዛሬ ጀምሮ ቀን ቀን፣ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ድሬዳዋ በሯን ዘግታ ስትተኛ፣ እኔ እጽፋለሁ። በዚህ ሙቀት እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ይገርመኛል።

ዛሬ ቴስተሩ ከጅቡቲ በባቡር ገባ። ሙሴ ስታቭሮ ራሱ ለገሃር ሄዶ ተቀበለው፤ ጋሪው ላይ ከጭኑ ሳያወርድ፣ በሁለት እጁ ይዞ ነው ከዚራ ሰፈር፣ ወርክሾፑ ድረስ ያመጣው። ሙሴ ግሪክ ነው፣ የወርክሾፑ ጌታ፤ ፈረንጅን ሁሉ «ሙሴ» ነው የምንለው። ሞተርም፣ ራዲዮም፣ የሲኒማ ቤት ማሽንም እንጠግናለን። ያለነው አራት ሰው ብቻ ነን፤ ሙሴ፣ የመለኪያ ዕቃ ጠባቂውና ራዲዮ ሠሪው እኔ ተማም፣ ከፋብሪካ ፋብሪካ እየዞረ የሚሠራው ቢሌ፣ እና የምትጠርገውና ውኃ የምትሞላው ሃሊሞ። ሃሊሞን ሁላችንም «ኤዶ» ነው የምንላት፣ እንደ አክስት።

ቴስተሩ ጥቁር ነው፣ ከጡብ ትንሽ ያንሳል። በመስተዋቱ ውስጥ ቀጭን መርፌ አለች። ሁለቱን ሽቦዎቹን የምትጠረጥረው ነገር ላይ ታስነካለህ፤ መርፌዋ ከተነሣች ኮረንቲ አለ፣ ዜሮ ላይ ከተኛች የለም።

ሙሴ እጄ ላይ አስቀመጠውና «ይሄ የሰው ነፍስ ነው» አለኝ። «ቢሌ ሽቦ ከመንካቱ በፊት ይሄን ይጠይቃል። ይሄ የለም ካለ፣ ቢሌ ይነካል። ስለዚህ ይሄ መዋሸት የለበትም። ከወደቀ ንገሩኝ። ከረጠበ ንገሩኝ። የሚደብቅ ሰው አልፈልግም። ተሰማን አትርሳ።»

መች ረሳሁ። ጋሽ ተሰማ ከኔ በፊት የመለኪያ ዕቃ ጠባቂ ነበር። ዓምና አሮጌውን ቴስተር ሲሚንቶ ላይ ጣለውና ዝም ብሎ ወደ ሣጥኑ መለሰው። አይቼዋለሁ። ለሙሴ ነገርኩ። የነገርኩት ልክ ስለሆነ ነው። በዚያው ቀን ተባረረ፤ ጠረጴዛው ለኔ ተሰጠኝ። አሁን ቀፊራ ገበያ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ተቀምጦ ፕሪመስ የሚባለውን የላምባ ምድጃ ይጠግናል። ልክ ነበር የሠራሁት።

ሕጉን በቀይ ቀለም ጽፌ ከሣጥኑ ክዳን ውስጥ ለጠፍኩ። አቧራው በደረቅ ብሩሽ እንጂ በእርጥብ ጨርቅ አይነካም። ሥራ ሲያልቅ የመለኪያውን መጠን የሚመርጠው መቀያየሪያ ትልቁ ቁጥር ላይ ይመለሳል። ጋሪ ላይ ከጭን አይወርድም። የተላጠ ሽቦ ያለው አይወጣም። ባትሪው በየሐሙሱ ይታያል። ፀሐይ አይመታውም። ቢሌ አነበበውና «አቦ! ለሙሽራም እንዲህ አይጠነቀቁላት» አለ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 5

ከቢሌ ጋር ተጣላን። መጣላት እንኳ አይባልም፤ እኔ ጮህኩ፣ እሱ ሳቀ። ቢሌ የእህቴ የናፊሳ ባል ነው። ሥራው ያምራል፣ ልማዱ ግን ያስፈራል። ሽቦን በእጁ ጀርባ ነካ አድርጎ ይሞክራል። ካልሆነም ሁለት አምፖል አያይዞ የሠራት መሞከሪያ አለችው፤ ከበሩ ኮረንቲ አለ፣ ካልበሩ የለም። ይሄ የሽማግሌ ዘዴ ነው። አሁን እኮ ቴስተር አለን!

ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። አዲሱን ቴስተር ይዞ ከመውጣቱ በፊት እኛው ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ውስጥ ሲሰካው አየሁ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየጠየቅሁት ነዋ! መጀመሪያ የማውቀውን እጠይቀዋለሁ። እሱን በትክክል ከመለሰልኝ፣ የማላውቀውን እጠይቀዋለሁ።»

«የኔን ዕቃ ትጠረጥራለህ?»

«ወላሂ ዕቃውን ነው እንጂ አንተን መች ጠረጠርኩ?»

ዕቃውን መጠርጠር እኔን መጠርጠር ነው አልኩት። በየጊዜው መሰካት መቀያየሪያውን ይበላዋል አልኩት። ይብላው አይብላው አላውቅም። አምፖሎቹንም ቀማሁትና መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። እሱም እጁን አራግፎ «እሺ፣ የአማቴ ልጅ ካለ እሺ» አለ።

ከቀትር በኋላ ሳይሰካው ይዞት ወጣ። ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ከአረፋ ወዲህ ሙቀቱ ሌላ ሆኗል። የዛፎቹ ጥላ እንኳ ይፋጃል። ዛሬ የአሮጌውን ቴስተር ሬሳ ስከፍት ባትሪዎቹ ቀልጠው፣ ነጭ ነገር አውጥተው፣ ሆድ ዕቃውን በልተውታል። ደነገጥኩ። አዲሱ ያለው እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር።

ናፊሳ ምሳ ይዛ መጣች። ስድስት ወሯ ነው፣ መራመድ ከብዷታል። ሙሴ ወንበሩን ለቀቀላትና ከጓሮው ብርቱካን አስለቅሞ አሸከማት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ስለ አንድ ያልተጠረገ ጠረጴዛ ተቆጣኝ። ሁልጊዜ እንደተቆጣኝ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 1

አገኘሁት! በወርክሾፑ ውስጥ ቀዝቃዛው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የመጠጥ ውኃው እንስራ ያለበት ጥግ። ኤዶ ሃሊሞ እንስራውን በእርጥብ ጆንያ ትጠቀልለዋለች፣ ጠዋትና ቀትር ጆንያውን ታርሰዋለች፤ ውኃው ጥርስ ያንጫጫል። ከጀርባው ግድግዳው ውስጥ ትንሽ ጎድጓዳ አለች። እጄን ብከት በሐምሌ ያለሁ መሰለኝ። ቴስተሩን በሣጥኑ እዚያ አስገባሁ። ልክክ አለ።

ኤዶ ሃሊሞ ቆማ አየችኝና በሶማልኛዋ ጠራችኝ። «ወሪያ ተማም፣ እሱን ደግሞ ውኃ ልታጠጣው ነው?»

«ከሙቀት ላድነው ነው፣ ኤዶ።»

«እኔ ዱቄት እዚያ አላስቀምጥም» አለችና ጆንያውን ማርጠቧን ቀጠለች።

ዱቄትና ቴስተር ምን አገናኛቸው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ሥራ በዝቷል። የሲኒማ ቤቱ ማሽን፣ ሦስት ራዲዮ። ቴስተሩ ደህና። ባትሪው ቀዝቃዛ፣ ጤነኛ። ሙሴ እንኳ «ጎበዝ» አለኝ። የት እንደማስቀምጠው አልጠየቀኝም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 15

በሩን ቆልፌ ነው የምጽፈው።

ለሳምንቱ ምርመራ አወጣሁት። ሶኬቱ ላይ አስነካሁት። መርፌዋ ዜሮ። ሶኬቱ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ መብራት ሰካሁበት፤ በራ። እንደገና አስነካሁ፤ ዜሮ። መስተዋቱን በጥፍሬ ኳ ሳደርገው መርፌዋ ዘልላ ሁለት መቶ ሃያ ላይ ቆመች።

 በሩን ዘግቼ ቴስተሩን ፈታሁት። ቁጥሮቹ የተጻፉበት ወረቀት አብጧል፣ ጠርዙ ላይ ሻጋታ አለ። መርፌዋ የምትዞርበት ቦታ ላይ ቡናማ ዝገት፣ የጨው ቅንጣት የምታክል። ሣጥኑን ባሸተው ጆንያ ጆንያ ይላል። ቀዩ ጽሑፌ ራሱ ፈሶ ወረቀቱን አበላሽቶታል። ከሙቀት አድናለሁ ብዬ ውኃ ውስጥ ነከርኩት እኮ። የት ነበር ዓይኔ? ኤዶ ሃሊሞ ዱቄት አላስቀምጥም ስትል ጆሮዬ የት ነበር?

አደረቅኩት፣ ቀዩን ጽሑፍም በአዲስ ወረቀት ጽፌ ለጠፍኩ። ዝገቱን በላባ ጠረግሁ። አሥር ጊዜ ሞከርኩት፣ አሥሩንም ትክክል መለሰ። አልሐምዱሊላህ። ደርቋል፣ አለቀ። መደርደሪያው ላይ መለስኩት።

ለሙሴ ነገ እነግረዋለሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 16

ከጁምዓ ስመለስ ሙሴ የቢሮውን ደብዳቤ እያነበበ ይሳደብ ነበር። ጊዜው አልነበረም። ነገ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 20

ደህና ነው። ዛሬም ደህና ነው። ታዲያ ደህና የሆነን ነገር ምን ብዬ እነግረዋለሁ? «ተበላሽቶ ነበር፣ ደህና ሆነ» ልበል? ቢሌ ጠዋት ሲወስደው ሣጥኑን አልለቀው ብዬ ለትንሽ ጊዜ ተጓተትን። «ስጠኝ እንጂ፣ አቦ» አለኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 21

ቢሌን ኮረንቲ ያዘው።

በረዶ ፋብሪካው ውስጥ። ደህና ነው። በሕይወት አለ። የግራ እጁ መዳፍ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ትከሻው ግድግዳ መትቶት አብጧል።

ማታ። አሁን ትንሽ ረጋ ብያለሁ፤ እንደነበረው ልጻፈው። በእግሩ ነው የተመለሰው፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «መርፌዋ ዜሮ ብላኝ ነበር» አለ። «ነካሁ፣ ወረወረኝ።» ሙሴ ከቢሮው እየሮጠ ወጣ። መጀመሪያ እጁን አገላብጦ አየው፣ ከዚያ ጮኸበት። «መቀያየሪያውን ተሳስተሃል! በትልቁ ቁጥር ትንሹን ስትፈልግ መርፌ አይነሣም! ስንት ጊዜ ልንገርህ?» ቢሌ ሣጥኑን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ቶሎ ነው ዓይኑን የመለሰው።

«ተሳስቼ ይሆናል፣ ሙሴ» አለ።

ነገሩ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወላሂ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ሙሴ ለአንድ ሳምንት ከውጭ ሥራ አገደው፣ እንደ ጀማሪ መጥረጊያ አስያዘው። ሃያ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ልጅ ሊወልድ የደረሰ ሰው ዛሬ የኔን ጥፋት ሲጠርግ ዋለ። እኔም «ለወደፊቱ ተጠንቀቅ» አልኩት። ይሄን አልኩት! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቴስተሩን ብቻዬን ስሆን ሞከርኩት። ስምንት ጊዜ ትክክል። ዘጠነኛው ዜሮ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 22

አልተኛሁም። ጋሽ ተሰማን በሕልሜ አየሁት እንዳልል፣ አልተኛሁም።

ዛሬ እነግረዋለሁ።

አልነገርኩም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 1

ዘዴ አገኘሁ። ቢሌ የውጭ ሥራ ጀምሯል፤ አብሬው መሄድ ጀመርኩ። ለሙሴ «ቢሌ ከወደቀ ወዲህ ናፊሳ ፈርታለች፣ አብሬው ልሁን» አልኩት። እውነትም ናፊሳ ፈርታለች። ሙሴ ተነጫነጨ ግን ፈቀደ። ቴስተሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ከማስነካቴ በፊት መስተዋቱን ኳ አደርጋለሁ። ኳ፣ ኳ። ሦስት ጊዜ። ቢሌ ያየኛል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ከሥራ ስንመለስ ናፊሳ ጋ ምሳ በላን። ሆዷን ደግፋ ተነሥታ እጄን ሳመችኝ። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። «አላህ ይስጥህ፣ ወንድሜ። አንተ አብረኸው ካለህ እኔ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ቢሌ ሣህኑን እያየ ፈገግ ይል ነበር። ውኃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁና ደጅ ቆሜ አለቀስኩ። እንባው ለማን እንደሆነ ራሴም አላውቅ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12

ቀፊራ ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ ጋሽ ተሰማ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ልታጠፍ ስል ጠራኝ። ጥቁር እጁን በጨርቅ እየጠረገ «አዲሱ ቴስተር እንዴት ነው?» አለ።

«ደህና ነው፣ ጋሽ ተሰማ።»

«ጥሩ ዕቃ ነው አሉ። እኔ የጣልኩት ቀን እኮ፣ ማታ ለሙሴ ልነግረው ነበር። ማታ ስደርስ ግን አንተ ነግረኸው አገኘሁ።» ቂም የለበትም፣ እንዲያው ወሬ ነው ያወራው። ከዚያ ፕሪመሱን ወደ መንፋት ተመለሰ።

እሱ ማታውን ሊነግረው ነበር። እኔ ይኸው አንድ ወር ሊሞላኝ ነው። ሽንኩርቱን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 18

ሦስት ጊዜ ዜሮ። አንዴ ኳ ብዬውም አልተነሣችም። ከቀን ወደ ቀን እየባሰ ነው። ሳሙና ፋብሪካ ነበርን፤ ቢሌ እጁን ሊሰድ ሲል «ቆይ!» ብዬ ጮህኩ። ሠራተኞቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ቢሌ ብቻ አልዞረም።

ሙሴ ዛሬ ከሰዓቴ ጋር ሲታገል ዋለ። ሰዓቴ ቆማ ነበር፣ ሳልጠይቀው ወስዶ ፈታታት። በእነዚያ በሸመገሉ ጣቶች ያቺን ጥቃቅን ጥርስ አንድ በአንድ አወጣ፣ አጠበ፣ መለሰ። «ለትንሽ ዕቃ ትልቅ ትዕግሥት» አለ። ያኔ ልነግረው እችል ነበር። ማንም አልነበረም። ሊያባርረኝ ነው፣ የት እገባለሁ፣ ቀፊራ ከጋሽ ተሰማ አጠገብ እቀመጥ? ሰዓቴን ተቀብዬ አመሰገንኩ።

ዓርብ፣ ሰኔ 28

ዛሬ ረጅም እጽፋለሁ። 

የቢሌ የዕቃ ቦርሳ ውስጥ ፒንሳ ስፈልግ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ሁለት አምፖል፣ አዲስ የተያያዙ። አወጣኋቸው። ቢሌ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝካቸው?»

«ከበረዶ ፋብሪካው ማግስት።»

«ታውቅ ነበር?»

«አቦ ተማም! በረዶ ፋብሪካው ውስጥ መቀያየሪያው ልክ ነበር። ከወደቅሁበት ተነሥቼ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ደግሞ መስተዋቱን እንደ በር ስታንኳኳ አላይህም? አንተ ዞር ስትል በአምፖሎቼ እሞክራለሁ፣ ከዚያ እነካለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም? ለምን ለሙሴ አልተናገርክም?»

«የናፊሳን ወንድም ላስባርር? ከዚያ ቤቴ ገብቼ ምን ልበላት?» ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ተወው። አንተ ታውቃለህ፣ እኔ አውቃለሁ። ሌላ ማን ይነካዋል ይሄን ቴስተር? በዓመቱ መጨረሻ አርጅቷል ብለን አዲስ እናስመጣለን።»

ልቅሶና ሳቅ አንድ ላይ መጣብኝ። አቀፍኩት። ለካ ይሄን ሁሉ ቀን አልተነካም፣ ለካ ነፍሱን ራሱ ሲጠብቅ ኖሯል። ከጫንቃዬ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ መሰለኝ። እውነቱን ነው፤ ሁለታችን አወቅን፣ በቃ። ለሙሴ መንገሩ አሁን ምን ያደርጋል? የሞተ የለ፣ የሚሞት የለ። የመሳቢያዬን አምፖሎች ልመልስለት አሰብኩ፤ «አሉኝ፣ ይቀመጡ» አለ።

ዛሬ በቀን ተኛሁ። ድሬ ስትተኛ እኔም ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 4

የሳምንቱን ምርመራ በሙሴ መዝገብ ላይ «ደህና» ብዬ ፈረምኩ። ከግንቦት 15 ወዲህ ስምንተኛው «ደህና» ነው። ዝናብ መጥቷል፣ አየሩ ቀዝቅዟል። ናፊሳ ቀኗ ደርሷል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 16

ጠዋት። ናፊሳን ምጥ ያዛት። እኔና ቢሌ በጋሪ ወደ ሆስፒታል። ሙሴ «ሂዱ፣ ሂዱ፣ ዛሬ ሥራ የለም» ብሎ ራሱ በሩን ከፈተልን። ያ ረቢ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 17

ትናንት የሆነውን በቅደም ተከተሉ ልጻፍ። ካልጻፍኩት እብድ እሆናለሁ።

አምስት ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። ቢሌ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ፤ እኔ ለሙሴና ለኤዶ ሃሊሞ ላበሥር ወደ ወርክሾፑ ሮጥኩ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም አልኩ። በሩ ክፍት ነበር። ኤዶ ሃሊሞ ብቻዋን ጆንያውን ታረጥባለች።

«ሴት ናት ኤዶ! ሙሴስ?»

እልል አለችና «የቀፊራው ባለ ወፍጮ መጥቶ ወሰደው» አለች። «ሞተሩ ቆሞበት። ሰው የለም ቢለው ለመነው፤ ሙሴም ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ ራሴ እሠራዋለሁ አለ።»

መደርደሪያውን አየሁ። ሣጥኑ የለም።

«ቴስተሩን ይዞ ነው የሄደው?»

«ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በጋሪ» አለች።

ሮጥኩ። የደቻቱ ወንዝ ሌሊት በመጣው ጎርፍ ሞልቶ ነበር፤ በደረቁ ጊዜ አሸዋውን አቋርጠህ ቀፊራ ትገባለህ፣ ትናንት ግን በድልድዩ ዞርኩ። ጫማዬ ወለቀ፣ አልተመለስኩም። «ያ አላህ አታድርገው፣ ያ አላህ መርፌዋን አንሣልኝ» እያልኩ ነበር። ቢሌ አይደለም፣ ሙሴ ነው፣ ሙሴ! እሱ አምፖል የለውም። እሱ ኳ አያደርግም። እሱ ክዳኑን ከፍቶ የኔን ቀይ ጽሑፍ አይቶ የሚያምን ሰው ነው።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሙሴ ዱቄቱ ላይ ወድቋል፣ ጢሙ ነጭ ሆኖ። ጋሽ ተሰማ የሙሴን ራስ ደግፎ ይዟል። ጩኸቱን ሰምቶ ከፕሪመሱ ተነሥቶ የገባው እሱ ነው፤ በእንጨት በርጩማ ደብድቦ ከሽቦው ያላቀቀው እሱ ነው። ባለ ወፍጮው ማብሪያውን አውርጄዋለሁ ብሎ ነበር፣ ከሦስቱ መስመር አንዱ ግን ሳይቋረጥ ቀርቷል። ሙሴም ለክቷል። ባለ ወፍጮው አጠገቡ ቆሞ መርፌዋን አይቷል፤ ዜሮ ነበረች ይላል።

ቀኝ እጁን ማየት አልቻልኩም። ይተነፍስ ነበር። ጋሪ ላይ አወጣነው።

ጋሽ ተሰማ ቴስተሩን ከዱቄቱ ውስጥ አነሣው። መስተዋቱ ተሰንጥቋል። በጣቱ ኳ አደረገው። አንድ ጊዜ ብቻ። መርፌዋ ስትንቀጠቀጥ አየ፣ ከዚያ ሣጥኑን አሸተተ። ቀና ብሎ አየኝ። ቴስተሩን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 18

በሕይወት ይኖራል ብለዋል። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት ተቆርጧል፣ አመልካቹና መካከለኛው።

ይህን ደብተር ጠዋት ከመጀመሪያው አነበብኩት። ሙሴ ተቆጣ። ሙሴ ያባርረኛል። ሙሴ ምን ይል ይሆን። በየገጹ አለ። ስለ ቢሌ እጅ ፈርቻለሁ፣ ስለ ጠረጴዛዬ ፈርቻለሁ። ስለ ሙሴ አንድ ቀን እንኳ አልፈራሁለትም። እሱም ሽቦ የሚነካ ሰው መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ቢሌ «አብረን እንግባ፣ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው» አለኝ። ልጁን የታቀፈ ሰው ነው፣ አይሆንም አልኩት። የመሳቢያዬን ቁልፍ ሰጠሁት። ብቻዬን ገባሁ።

ሙሴ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ስገባ ፈገግ ሊል ሞከረ። «ሴት ናት አሉ። እንኳን ደስ አላችሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተማም፣ ቴስተሩን ጣልኩት» አለኝ። «ከወደቀ ንገሩኝ ብዬ ነበር። ይኸው እኔ እነግርሃለሁ። መቀያየሪያውንም ተሳስቼ ይሆናል። ዓይኔ ደክሟል። አንተ በደንብ ጠብቀኸው ነበር፣ እኔ አበላሸሁብህ።»

የአልጋውን ጠርዝ ያዝኩ። «አልተሳሳቱም፣ ሙሴ» አልኩት። «ቴስተሩ ይዋሻል። ከእንስራው ጀርባ አስቀምጬው ዝጓል። አውቅ ነበር።»

አንገቱን ከትራሱ ቀና አደረገ።

«ከመቼ?»

«ከግንቦት አሥራ አምስት።»

በግራ እጁ ጣቶች አንሶላው ላይ ሳምንታቱን ሲቆጥር አየሁት። «የቢሌ ጊዜ… ያ የበረዶ ፋብሪካው?»

«እሱም አልተሳሳተም።»

«ቢሌ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ሃሊሞስ?»

«የት እንደማስቀምጠው ታውቃለች። ነግራኝም ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። መስኮቱን አየ፤ ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር።

«እንግዲያው ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ» አለ።

አልተቆጣም። ሁለት ወር ሙሉ የፈራሁት ቁጣ አልመጣም። የተጠቀለለ ቀኝ እጁን በግራ እጁ ቀስ አድርጎ አነሣና፣ እንዳላየው፣ ከአንሶላው ሥር ከተተው።